ሳይመረመር የተሰጠ መድኃኒት፤ የታሂቲና የሞሬያ ቀንድ አውጣዎች ታሪክ

(በሬዲዮ ከተሰጡት የታሪክ ንግግሮች የተወሰደ)

ታሪክ ሲባል ብዙውን ጊዜ ወደ ሐሳባችን የሚመጣው የነገሥታት ዜና፥ የጦር ሜዳ ውሎና የመንግሥታት መነሣትና መውደቅ ነው። ዛሬ የምተርክላችሁ ታሪክ ግን ርዝመቱ ከአንድ የጣት አንጓ ስለማይበልጥ ፍጡር፥ ስለ ቀንድ አውጣ ነው። ከመካከላችሁ «ክረምት በገባ ቁጥር በአጥር ሥር የሚሳበው ቀንድ አውጣ ደግሞ ምን ታሪክ አለው?» የሚል ይኖር ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ነገር ግን በዚህ ታሪክ ውስጥ መርከበኞች፥ ሊቃውንት፥ ገበሬዎችና በተለይም በጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው የሚወስኑ ሹማምንት ስላሉበት፥ የመንግሥትን ሥራ ለሚሠራ ሰው ሁሉ የሚነግረው ቁም ነገር አለው። የማነሣቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ ላስታውስ።

ነገሩ የተፈጸመው በሰላማዊ ውቅያኖስ፥ ማለት በፓሲፊክ ደቡባዊ ክፍል በሚገኙት የሶሳይቲ ደሴቶች ነው። ከእነርሱ ታላቂቱ ታሂቲ ናት፤ ስፋቷ 1,045 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፥ ኦሮሄና የሚባለው ተራራዋ ከባሕር ወለል በላይ 2,241 ሜትር ይደርሳል። ከታሂቲ በስተ ሰሜን ምዕራብ 17 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ትንሿ ሞሬያ ትገኛለች። ከዚያም ወደ ምዕራብ ራቅ ብለው ሁዋሂኔ፥ ራያቴያና ሌሎችም ደሴቶች አሉ። ሁሉም ዛሬ የፈረንሳይ ፖሊኔዢያ ከሚባለው ግዛት ይቆጠራሉ። እነዚህ ደሴቶች ከባሕር በታች በፈነዳ እሳተ ገሞራ የተወለዱ ስለሆኑ ከየትኛውም ክፍለ ዓለም ጋር ተያይዘው አያውቁም። ስለዚህ በላያቸው የሚኖረው ፍጡር ሁሉ አባቶቹ በነፋስ፥ በወፍ፥ በተንሳፋፊ ግንድ ወይም በሰው እጅ ባሕሩን ተሻግረው የደረሱ ናቸው።

እንዲህ ተሻግረው ከደረሱት መካከል ፓርቱላ የተባለው የዛፍ ቀንድ አውጣ አንዱ ነው። ርዝመቱ ቢበዛ ሁለት ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። ቀን ቀን ከቅጠል ሥር ተጣብቆ ያርፋል፤ ሌሊትና ዝናብ በዘነበ ጊዜ እየተሳበ የበሰበሰ ቅጠልና በእንጨት ላይ የሚበቅለውን ረቂቅ ሻጋታ ይመገባል። የገበሬውን አዝመራ አይነካም። እንደ ሌሎቹ ቀንድ አውጣዎች እንቁላል በመጣል ፈንታ ልጁን ሕያው አድርጎ ይወልዳል፤ የሚወልደውም አንድ አንድ እያለ ነው። ስለዚህ ጠባዩ በ1821 ፌሩሳክ የተባለው የፈረንሳይ ሊቅ፥ የጥንት ሮማውያን የወሊድ አምላክ አድርገው ያምኗት በነበረችው በፓርቱላ ስም ሰየመው። ልብ እንድትሉልኝ የምፈልገው፥ አንድ አንድ የሚወልድ ፍጡር በአንድ ጊዜ ብዙ ጠላት ቢነሣበት የጠፋውን ቶሎ ሊተካ የማይችል መሆኑን ነው።

የደሴቶቹ ሰዎች ይህን ቀንድ አውጣ ከጥንት ጀምሮ ያውቁት ነበር፤ ዛጎሉንም እየበሱ የአንገት ጌጥ ይሠሩበት ነበር። በተለይ ነጩ የታሂቲ ዓይነት ተወዳጅ ስለነበረ፥ በታንኳ ወደ ሩቅ ደሴቶች ሳይወሰድ እንዳልቀረ የዘመናችን ሊቃውንት የዘር ምርመራ አመልክቷል። አውሮፓውያን ያወቁት ግን በካፒቴን ጄምስ ኩክ ዘመን ነው። ኩክ ቬኑስ የተባለችው ኮከብ በፀሐይ ፊት ስታልፍ ለመመልከት በ1769 ታሂቲ ደረሰ፤ ከዚያም ተነሥቶ ራያቴያን ጎበኘ። በኩክ ጉዞዎች ጊዜ ተሰብስበው ወደ እንግሊዝ አገር ከደረሱት ዛጎሎች አንዱ የራያቴያ ፓርቱላ ነበር። ሊቃውንቱም መልኩን አይተው «ፋባ» ብለው ጠሩት፤ ትርጓሜው በላቲን ቋንቋ «ባቄላ» ማለት ነው። ይህን «ባቄላ» እባካችሁ በልባችሁ አኑሩት፤ በንግግሬ መጨረሻ እንመለስበታለን።

ከዚህ በኋላ ብዙ ሰዎች ዛጎሉን ሰብስበዋል። ከእነርሱም አንድሩ ጋሬት የሚባል አሜሪካዊ በሁዋሂኔ ተቀምጦ እስከ ሞተበት እስከ 1887 ድረስ የደሴቶቹን ቀንድ አውጣዎች በየሸለቆው ለይቶ ጽፎ ነበር። ዕድሜውን ለዚህ ሥራ የሰጠው ግን የኒው ዮርኩ መምህር ሄንሪ ክራምፕተን ነው። ክራምፕተን በ1906 ወደ ታሂቲ ሄዶ ሥራውን ሲጀምር የዳርዊን መጽሐፍ ከታተመ ገና 47 ዓመት ሆኖት ነበር። የፍጥረታት ዘር እንዴት እንደሚለያይና አንዱ ዓይነት እንዴት ሁለት እንደሚሆን በዓይኑ ለማየት ተስፋ አደረገ። ሸለቆ ለሸለቆ እየወጣና እየወረደ በብዙ ሺህ የሚቆጠር ቀንድ አውጣ ሰበሰበ፤ እያንዳንዱንም በእጁ ለካ። በ1916 ስለ ታሂቲ፥ በ1925 ስለ ማርያና ደሴቶች፥ በ1932 ስለ ሞሬያ ታላላቅ መጻሕፍት አሳተመ።

ክራምፕተን ያገኘው ነገር የሚያስደንቅ ነው። በአንድ ተራራ ጀርባ የሚለያዩ ሁለት ሸለቆዎች አየራቸውም ዛፋቸውም አንድ ሆኖ ሳለ፥ የቀንድ አውጣዎቻቸው መልክና መጠን ይለያይ ነበር። ከሞሬያ ዓይነቶች አንዱ በአብዛኛው ደሴት ዛጎሉ ወደ ግራ ሲጠመዘዝ፥ በአንዳንድ ሸለቆዎች ደግሞ ወደ ቀኝ ይጠመዘዛል። የግራና የቀኝ ጥምዝ ያላቸው ደግሞ እርስ በርሳቸው ለመራባት እጅግ ይቸገራሉ። እንግዲህ አንድ ዘር ለሁለት ለመከፈል በሚያመራበት ጎዳና ላይ ቆሞ የሚታየው እዚያ ነበር ማለት ነው። ከ1960ዎቹ ጀምሮ እንግሊዛዊው ብራያን ክላርክና አሜሪካዊው ጄምስ መሬይ፥ ኋላም ማይክል ጆንሰን፥ የክራምፕተንን መጽሐፍ ይዘው እነዚያኑ ሸለቆዎች መረመሩ። የክራምፕተን ልኬት ከእነርሱ ልኬት ጋር ሲመዛዘን በግማሽ ምዕተ ዓመት ውስጥ የተለወጠውን ያሳይ ስለነበረ፥ የሶሳይቲ ደሴቶች ለተፈጥሮ ዕውቀት እንደ ተከፈተ መጽሐፍ ነበሩ። መጽሐፉ ግን ተነብቦ ሳያልቅ ተቃጠለ። የተቃጠለበትንም ምክንያት አሁን እነግራችኋለሁ።

የነገሩ መነሻ የእኛው ክፍለ ዓለም፥ የምሥራቅ አፍሪካ ጠረፍ ነው። በዚያ የሚኖር አንድ ታላቅ ቀንድ አውጣ አለ፤ አንዳንዱ እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ይረዝማል። በአገሩ ሳለ ጠላቱም ምግቡም ተመጣጥነው ስለሚኖሩ ይህን ያህል የሚያስቸግር አይደለም። ነገር ግን ሰው እያነሣ ወደ ሌላ አገር ወሰደው። በ19ኛው ምዕተ ዓመት መባቻ ገደማ በሞሪሸስ ደሴት ይታይ ነበር። በ1847 ዊልያም ቤንሰን የሚባል እንግሊዛዊ ወደ ካልካታ ወስዶ በአትክልት ሥፍራ ለቀቀው፤ በ1900 በሴሎን ተገኘ፤ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት ጃፓናውያን ለምግብና ለመድኃኒት ብለው ወደ ፓሲፊክ ደሴቶች አሻገሩት፤ በ1936 ሀዋይ ገባ፤ በ1967 ታሂቲ ደረሰ። አንዱ በአንድ ጊዜ ብዙ መቶ እንቁላል ሊጥል ይችላል፤ ጎመኑንም ሙዙንም ችግኙንም ይበላል። ከዚህም በላይ በአይጥ ሳንባ የሚኖረውን፥ የሰውንም አንጎል የሚያሳምመውን ትል ይሸከማል።

እንግዲህ የደሴቶቹ ገበሬ «አዝመራዬ ጠፋ» ብሎ ቢጮኽ እውነቱን ነበር። አቤቱታው ወደ እርሻ ሹማምንት ደረሰ። ሹማምንቱ ክፉ ሰዎች አልነበሩም፤ የሕዝቡን ጩኸት ሰምተው መፍትሔ የፈለጉ ትጉሃን ነበሩ። መርዝ መርጨት ውድና አደገኛ ነው፤ በእጅ መልቀምም የማያልቅ ድካም ሆነባቸው። በዚህ ጊዜ ከሀዋይ የተሰማ አንድ ወሬ ደስ አሰኛቸው። በአሜሪካ በፍሎሪዳ ግዛት ሌሎችን ቀንድ አውጣዎች እያደነ የሚበላ ቀንድ አውጣ አለ። ሊቃውንት ዩግላንዲና ይሉታል፤ በተለምዶ ግን ተኩላው ቀንድ አውጣ ይባላል። ሀዋይ በ1955 አስመጥታው ነበር። «ጠላትን በጠላቱ ማጥፋት» የሚለው አሳብ ለጆሮ የሚጥም፥ ገንዘብም የሚያተርፍ መሰለ። ስለዚህ በ1974 ወደ ታሂቲ፥ በ1977 ወደ ሞሬያ አምጥተው ለቀቁት።

ይህ አዳኝ ምን ዓይነት ፍጡር እንደሆነ ጥቂት ልግለጽ። ቀንድ አውጣ ሁሉ በሄደበት የልጋግ ፈለግ ይተዋል። ተኩላው ቀንድ አውጣ በአፉ ግራና ቀኝ እንደ ሪዝ የረዘመ ሥጋ አለውና፥ በእርሱ ፈለጉን እየቀመሰ ይከተላል፤ ፍጥነቱም ከሚያድነው ቀንድ አውጣ ሁለትና ሦስት እጥፍ ያህል ነው። ዛፍ መውጣት ያውቃል። ትንሹን ከነዛጎሉ ይውጣል፤ ተለቅ ያለውን ደግሞ አንገቱን ወደ ዛጎሉ አስገብቶ ይበላዋል። ይሁን እንጂ ከሁሉ አብልጦ የሚወደው ትናንሹን ነው። ያ ታላቁ የአፍሪካ ቀንድ አውጣ ካደገ በኋላ ለእርሱ የማይመች አደን ነበር። ከቅጠል ሥር ተጣብቆ የሚያርፈው፥ አንድ አንድ የሚወልደው ፓርቱላ ግን ለአፉ የተመጠነ ጉርሻ ሆነለት።

ከዚህ በኋላ የሆነው ለመናገር ያሳዝናል። በሞሬያ አዳኙ በየዓመቱ ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ እየገሰገሰ ከሸለቆ ወደ ሸለቆ ተሻገረ። እነክላርክ ወደ ደሴቲቱ በተመለሱ ቁጥር፥ ትናንት ቀንድ አውጣ የሞላበት ዛፍ ዛሬ ባዶ ሆኖ፥ ከሥሩ የሞቱት ዛጎል ተከምሮ ያገኙት ነበር። በ1984 ሦስቱ ሊቃውንት ነገሩን በጽሑፍ አውጥተው ይህ መድኃኒት ወደ ሌሎች ደሴቶች እንዳይወሰድ አሳሰቡ። በ1987 በሞሬያ ከነበሩት 7 የፓርቱላ ዓይነቶች በጫካ አንድም ሊያገኙ አልቻሉም። ከለቀቁበት ቀን እስከዚያ ድረስ 10 ዓመት ብቻ ነበር። አዳኙ ወደ ራያቴያም ገባ፤ በዚያ ደሴት ብቻ ከ30 የሚበልጡ ዓይነቶች ይኖሩ ነበርና ጥፋቱ ከሁሉ የከፋ ሆነ። በ2003 የታተመ አንድ ጥናት ሒሳቡን ሲደመድመው፥ በሶሳይቲ ደሴቶች ከነበሩት 61 የዚህ ወገን ዓይነቶች በጫካ የቀሩት 5 ብቻ ናቸው አለ።

ለመሆኑ መድኃኒቱ የተሰጠበት በሽታስ ድኖ ይሆን? በአንዳንድ ሥፍራ የታላቁ ቀንድ አውጣ ብዛት ከጊዜ በኋላ መቀነሱ እውነት ነው። ነገር ግን አዳኙ ባልደረሰባቸው አገሮችም እንዲሁ ሲቀንስ ታይቷል፤ እንግዳ ሆኖ የገባ ፍጡር መጀመሪያ እጅግ በዝቶ ኋላ በበሽታም ይሁን በሌላ ምክንያት ራሱ መመናመኑ የተለመደ ነውና። ቁጥሩ ስለ ቀነሰ «ተኩላው በላው» ማለት፥ ዶሮ ስለ ጮኸ ነጋ እንደ ማለት ነው። የሀዋዩ ወሬ በሚገባ ተመዝኖ ቢሆን ኖሮ ይህ በጊዜው በታወቀ ነበር። ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል ይባላል፤ እዚህ ላይ ጅቡ የነከሰው ቀንድ የማይተካ ቀንድ ሆነ።

አሁን ደግሞ ወደ ተረፉት እንመለስ። ክላርክ፥ መሬይና ጆንሰን ጥፋቱ እየቀረበ መምጣቱን ባዩ ጊዜ ጥቂት ጥቂት ሕያዋን ቀንድ አውጣዎች ሰብስበው በእንግሊዝ ወደ ኖቲንግሃም፥ በአሜሪካ ወደ ቨርጂኒያ፥ በአውስትራሊያም ወደ ምዕራባዊው ጠረፍ ወደየመምህርነት ቤታቸው ወሰዷቸው። ከዚያም የለንደን፥ የጀርሲ፥ የኤዲንበርግ፥ የብሪስቶል፥ የዲትሮይት፥ የሴንት ሉዊስና የሌሎችም ከተሞች የአራዊት መጠበቂያዎች ተቀበሏቸው። በጫካ የሰፋ አገር የነበረው ፍጡር በላስቲክ ሣጥን፥ በረጠበ ወረቀት ላይ፥ ከአጃ ዱቄት በተሠራ ምግብ ኖረ። ጠባቂዎቹ በየጊዜው አንድ በአንድ ይቆጥሯቸው ነበር፤ መዝገብም ይዘውላቸው ነበር። እንዲህም ሆኖ ሁሉን ማዳን አልተቻለም። በጥር 1996 በለንደን «ቱርጊዳ» የተባለው የራያቴያ ዓይነት የመጨረሻው ቀንድ አውጣ ሞተ። ሲመረመር ረቂቅ ተውሳክ እንደ ገደለው ታወቀ።

ወደ አገራቸው ለመመለስ የተደረገው የመጀመሪያ ሙከራም ቀላል አልነበረም። በ1994 በሞሬያ አንድ ትንሽ ጫካ ታጥሮ፥ አጥሩም አዳኙን በሚከለክል በኤሌክትሪክ ሽቦና በጨው ተከብቦ ቀንድ አውጣዎች ተለቀቁ። ነገር ግን የወደቀ ቅርንጫፍ እንኳ ለአዳኙ ድልድይ ይሆንለታልና፥ ጥበቃው በላላ ጊዜ ገብቶ በላቸው።

በዚህ መካከል ተስፋ የሰጠው ነገር የተገኘው በታሂቲ ነው። ያ ለአንገት ጌጥ የሚወደደው ነጩ ፓርቱላ ሌሎቹ ሲያልቁ በብዙ ሸለቆዎች ተርፎ ተገኘ። ምክንያቱን ለማወቅ የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት ከሩዝ ፍሬ ያነሰ መሣሪያ ሠርተው በአዳኙ ዛጎል ላይ አጣበቁ፤ መሣሪያውም የሚያገኘውን ብርሃን ይለካ ነበር። በ2021 ውጤቱ ሲታተም፥ አዳኙ ፀሐይ የበዛበትን ሥፍራ እንደሚሸሽና፥ ነጩ ቀንድ አውጣ ግን ዛጎሉ ብርሃኑን ስለሚመልስለት አዳኙ ከሚችለው ብዙ እጥፍ ፀሐይ በጫካው ዳር እንደሚችል ታወቀ። ስለዚህ ፀሐይ የሚያገኘው የጫካ ዳር ለዚህ ፍጡር እንደ ምሽግ ሆነው። ይህን ያወቀ ሹም መንገድ ሲያሰፋ ወይም ዛፍ ሲያስቆርጥ የትኛውን ዳርቻ መተው እንዳለበት ያውቃል።

ከ2015 ጀምሮ በየአገሩ የተራቡት ቀንድ አውጣዎች በታሂቲ፥ ኋላም በሞሬያ በጫካ ይለቀቁ ጀመር። በ2023 ብቻ የተለቀቁት ከ5,000 በላይ ነበሩ። በእያንዳንዱ ዛጎል ላይ የቀይ ቀለም ነጥብ ይደረግ ነበር፤ ይኸውም ከውጭ የመጣው በጫካ ከተወለደው እንዲለይ ነው። በ2024 በሞሬያ ከቶሂቬያ ተራራ ስሙን ከወሰደው ዓይነት ቀለም የሌለባቸው ሙሉ ቀንድ አውጣዎች ተገኙ። በጫካ ተወልደው በጫካ አድገዋል ማለት ነው። ይህም ዓይነት «ከጫካ የጠፋ» ከሚባለው መዝገብ ወጥቶ «እጅግ ከሚያሰጋው» መዝገብ ገባ። ለጊዜው ይህ ትልቅ ደስታ ነው፤ አዳኙ ግን ዛሬም በደሴቶቹ አለ፤ ከኒው ጊኒ የመጣ ቀንድ አውጣ የሚበላ ጠፍጣፋ ትልም ተጨምሯል።

ክቡራን አድማጮች፤

ከዚህ ታሪክ የምንማረው ነገር ከቀንድ አውጣ የሰፋ ነው። ሹማምንቱ የሕዝቡን አቤቱታ መስማታቸው መልካም ነበር፤ መፍትሔ መፈለጋቸውም መልካም ነበር። የጎደለው ከፊርማው በፊት መጠየቅ የነበረባቸው ሦስት ጥያቄ ነው። አንደኛ፥ በሌላ አገር ሠራ የተባለው መድኃኒት በእርግጥ ሠርቷልን? ማንስ መዘነው? ሁለተኛ፥ ይህ አዳኝ የምናዝዘውን ብቻ ይበላልን? ወይስ ያልታዘዘውንም? ሦስተኛ፥ ተሳስተን ብንገኝ ነገሩን መመለስ ይቻለናልን? ከሁሉ የሚበልጠው ሦስተኛው ነው። የተጻፈ ደብዳቤ በሌላ ደብዳቤ ይሻራል፤ የወጣ ደንብ ይሻሻላል፤ የተመደበ ገንዘብ ወደ ሌላ ሥራ ይዛወራል። በጫካ የተለቀቀን ሕያው ፍጡር ግን የሚሽር ማኅተም የለም። ስለዚህ የማይመለስ ሥራ ከሚመለሰው ይልቅ ረጅም ምርመራ ይገባዋል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የሚሉት አባቶቻችን ይህንኑ ነው።

ሁለተኛውም ትምህርት የመዝገብ ነገር ነው። ጋሬትና ክራምፕተን «ለምን ይጠቅማል?» ሳይሉ በየሸለቆው ያለውን በትዕግሥት ጽፈው ባያስቀምጡ ኖሮ፥ በእነዚያ ሸለቆዎች ምን እንደ ጠፋ ዛሬ ማን ሊነግረን ይችል ነበር? ቀንድ አውጣዎቹንም ወዴት ሸለቆ መመለስ እንደሚገባ ማን ያሳየን ነበር? በአንድ ቀን የጠፋውን ነገር በትንሹም ቢሆን ለመመለስ የረዳው፥ ብዙ ሰው ከንቱ ልፋት ነው ያለው የመዝገብ ሥራ ነው።

በመጨረሻም ወደ ራያቴያ «ባቄላ» ልመለስ። ከፓርቱላ ወገን በአውሮፓ መጀመሪያ የታወቀው ያ ዓይነት፥ በኩክ ዘመን በመርከብ ተጭኖ ወደ ብሪታንያ የደረሰው ያ ዛጎል፥ የመጨረሻው ተወላጅ በየካቲት 2016 በስኮትላንድ በኤዲንበርግ የአራዊት መጠበቂያ ውስጥ ሞተ። ከትውልድ ደሴቱ እጅግ በራቀ አገር፥ በአንዲት ሣጥን ውስጥ፥ መሰሉ ሳይኖር ነበር የሞተው። ዛጎሉ በቤተ መዘክር ይገኛል፤ ሕያው «ባቄላ» ግን ከእንግዲህ ማንም አያይም።